የመንገድ ውሻ አንስታችሁ ሁነኛ ቤት እስክታገኙለት፦ ደረጃ በደረጃ

"አንድ ቡችላ ዝናብ ሲመታው አይቼ ቤት አስገባሁት። ማቆየት ግን አልችልም። ለማን ልስጠው?" ክረምት በገባ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይጎርፍልኛል። ዘንድሮም ጀምሯል። በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው። ሌላ ከተማ ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ሥራው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የሦስት ቀን ጉዳይ መስሎት የጀመረ ሰው በአምስተኛው ቀን ይሰለችና መጀመሪያ ለጠየቀው ሰው ያስረክበዋል። ጊዜው ከሌላችሁ ከማንሳታችሁ በፊት አብሯችሁ የሚይዝ ጓደኛ ወይም ጎረቤት ፈልጉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ትልቅ ካርቶን፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ
- የአንገት ማሰሪያና 2 ሜትር ያህል ገመድ (ሰንሰለት አይሁን)
- ሁለት ሳህን፣ አንዱ ለውሃ ብቻ
- የላስቲክ ጓንት፣ ሳሙና፣ በረኪና
- የሰው ሚዛን። ራሳችሁን ተመዘኑ፣ ከዚያ ውሻውን ታቅፋችሁ ተመዘኑና ቀንሱ። መድኃኒት የሚሰጠው በኪሎ ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።
- ደብተር። ያገኛችሁበት ቀን፣ ቦታ፣ የበላው፣ የሰገራው ሁኔታ፣ የተከተበበት ቀን ሁሉ ይጻፍበታል።

ደረጃ 1፦ ከመንካታችሁ በፊት ቆማችሁ እዩት

ከሩቅ ሆናችሁ አምስት ደቂቃ ተመልከቱት። ልጋጉ እየተዝረበረበ ነው? ሲራመድ ይንገዳገዳል? አገጩ ወርዶ አፉ አልገጥም ብሎታል? ድንጋዩንም እንጨቱንም ይነክሳል? እነዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቶች ናቸው። አትቅረቡት። ልጆችን አርቁና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አፉን መግጠም ያቃተውን ውሻ "አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው" ብለው እጃቸውን የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ይህ በጣም አደገኛ ነው። በሽታው የመዋጫ ጡንቻዎቹን ሲያሽመደምድ ልክ አጥንት እንደተሰነቀረበት ነው የሚመስለው። በዓለም ጤና ድርጅት መሠረት የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ሲተላለፍ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ቡችላ ከሆነ እናቱ በአቅራቢያ መኖሯን አረጋግጡ። ምግብ ፍለጋ ሄዳ ይሆናል። ሁለት ሦስት ሰዓት ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ከእናቱ ባይለይ ይሻላል። ዓይኑ ገና ካልተከፈተ ዕድሜው ከሁለት ሳምንት በታች ነው፤ ቀን ከሌሊት በየ2 እና 3 ሰዓቱ ወተት ይፈልጋል። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ እናትየውን እዚያው መመገቡ ለልጆቿም የተሻለ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳትነከሱ አንሱት

ፊት ለፊት አትሂዱበት፤ ዓይኑ ላይ አታፍጥጡ። ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉና ምግብ ወርወር አድርጉለት። ወደ ግድግዳ ወይም ወደ አጥር ጥግ አታስጠጉት። ማምለጫ ያጣ ውሻ ጨዋ ቢሆንም ይነክሳል። ምግቡን እየበላ ሲረጋጋ ብርድ ልብሱን ከኋላ ጣል አድርጉበትና እንደተጠቀለለ ካርቶኑ ውስጥ አስገቡት። ትልቅ ውሻ ከሆነ ግን ለብቻችሁ አትሞክሩ።

ከነከሳችሁ ወይም ጥርሱ ቆዳችሁን ከጫረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና ክትባት ጀምሩ። "ውሻው ደህና ይመስላል" ብላችሁ አትጠብቁ። ባህላዊ መድኃኒት ወይም ጸበል የምትፈልጉ ከሆነ ክትባቱን ከጀመራችሁ በኋላ ይሁን። ውሻውን ደግሞ አትግደሉት፣ አታባርሩትም። ለ10 ቀን ተይዞ ይታይ። በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታል። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሐኪማችሁ የቀረውን ክትባት ሊያቆመው ይችላል።

ትራንስፖርት ላይ ሚኒባስ አይሞክር። ላዳ ወይም የሚጠራ መኪና ያዙና ሾፌሩን አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁት። ደርሶ "ውሻ አልጭንም" ካለ የምትጉላሉት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 3፦ 14 ቀን ለብቻው አቆዩት

በረንዳ፣ ሰርቪስ ክፍል ወይም የተከለለ የግቢ ጥግ ይበቃል። ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ በጭራሽ አይገናኙ፣ ሳህንም አይጋሩ።

ምክንያቱ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ነው። ትውከትና ደም የቀላቀለ መጥፎ ሽታ ያለው ተቅማጥ የሚያመጣ የቡችላ ገዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ከተያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ምልክት ያሳያል፤ አንዳንዴ እስከ 14 ቀን ይዘገያል። ሁለት ሳምንት የምላችሁ ለዚህ ነው። ምልክቱን ካያችሁ በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰዱት። ቡችላውን ቶሎ የሚገድለው የፈሳሽ እጥረት ስለሆነ ጉሉኮስ እስከ ነገ አይቆይለትም።

ቫይረሱ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ሲሚንቶና ሴራሚክ ወለል መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፍሰስበትና ለ10 ደቂቃ ይቆይ። ቆሻሻው ሳይታጠብ የፈሰሰ በረኪና አይሠራም። አፈርን ግን በበረኪና ማጽዳት አይቻልም፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ሲሚንቶ ላይ አቆዩት።

ደረጃ 4፦ ምግቡን አስተካክሉ

ርቦት የቆየን ውሻ አንዴ አታጥግቡት። በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጡት። ሩዝ ወይም ቅንጬ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ለመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነው። ጨው ቀንሱ፤ በርበሬ አይግባበት። ንጹህ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

እዚህ ላይ ጠበቅ ማድረግ እፈልጋለሁ። የዶሮ ወጥ ፍርፋሪ ለውሻ አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው።

ሁለተኛው የበዓል እርድ ነው። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የሚመስል ነገር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። "ይሄ አይበላም፣ ለውሻው ጣሉለት" ይባላል። አትጣሉለት። የጥገኛ ትል ዕጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ያው እባጭ የልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሆድ ዕቃ አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት።

ደረጃ 5፦ ሐኪም ጋር ውሰዱት

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሁን። ቢሾፍቱ አካባቢ ላላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው ያለው። ሌላው ቅርባችሁ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ይሂድ። እነዚህን በቅደም ተከተል ጠይቁ፦

ሀ) የትላትል መድኃኒት። አንዴ ብቻ አይበቃም፤ ሐኪሙ የሚደገምበትን ቀን ይጻፍላችሁ። ከላይ ያልኩት ትል በተለይ ፕራዚኳንቴል ያለበት መድኃኒት ይፈልጋል።

ለ) ቁንጫ፣ መዥገርና እከክ። አንዱ የእከክ ዓይነት ወደ ሰው ስለሚተላለፍ እስኪድን በጓንት ንኩት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ለከብት የሚረጭ መድኃኒት፣ የበረሮና የትኋን መግደያ አትቀቡት። ውሻ የተቀባውን ስለሚልስ ይመረዛል። ለሕመሙም ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ከቤታችሁ አንስታችሁ አትስጡት።

ሐ) ክትባት። ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምሮ የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ገዳይ የውሻ ቫይረስ) ጥምር ክትባት ይወስዳል፤ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 እና 4 ሳምንቱ ይደገማል። የሚደጋገመው ሐኪሙ ገንዘብ ፈልጎ አይደለም። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል፤ ያ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጥና በዓመቱ ይደገማል። መከላከሉ አስተማማኝ የሚሆነው ከመጀመሪያው መርፌ 28 ቀን ገደማ በኋላ ነው። በሽታው ቀድሞ ሰውነቱ ከገባ ክትባቱ ላያድነው ይችላል፤ ሳይታይ ወራት ሊቆይም ይችላል። ስለዚህ ተከተበ ብላችሁ ልጆች ፊታቸውን ወይም ቁስላቸውን እንዲያስልሱ አትፍቀዱ።

መ) ማምከን። ሴቷ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ትፈልጋለች፤ እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ነው። ሳትመክን ከሰጣችኋት በዓመት ውስጥ ስለ ስድስትና ሰባት ቡችላ ይደወልላችኋል። ከ6 ወር ጀምሮ መቼ እንደሚሻል ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ከብልቱ ደም የሚንጠባጠብ ትልቅ ውሻ ካላችሁ ሳይታይ አይለፍ። በግንኙነት የሚተላለፍ እጢ ሊሆን ይችላል፤ ለጥቂት ሳምንታት በሚሰጥ መርፌ ብዙ ጊዜ ይድናል።

የክትባት ካርዱን አትጣሉት። ለአዲሱ ባለቤት የምታስረክቡት እሱን ጭምር ነው።

ደረጃ 6፦ ጠባዩን መዝግቡና እውነቱን አስተዋውቁ

ከ14 ቀን በኋላ ማንነቱን ማየት ትጀምራላችሁ። ልጅ ሲሮጥ ምን ያደርጋል? ድመትና ዶሮ ሲያይስ? ሳህኑን ስትነኩ ያጉረመርማል? ብቻውን ሲሆን ያላዝናል? ሁሉንም ጻፉት።

ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ በርከክ ብላችሁ በዓይኑ ልክ አንሱት። ስታስተዋውቁ ዕድሜውን፣ ጾታውን፣ የተከተበውን፣ መጥፎ ጠባዩንም ጨምራችሁ ጻፉ። "የፈረንጅ ድብልቅ ነው" ብላችሁ አትዋሹ። የሐበሻ ውሻ ነው በሉ። ዘር ፈልጎ የመጣ ሰው ሲያድግ የጠበቀውን ካላየ ይጥለዋል። "ጫማ ያኝካል" ብላችሁ ጽፋችሁ የመጣ ሰው ግን ጫማውን ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል።

ደረጃ 7፦ ቤቱን መርምሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። አንዲት ቡናማ ውሻ ነበረችኝ፤ ቡቺ ነበር የምላት። ሊወስዳት የመጣው ሰው በጣም ጨዋ ነበር። ፈረመ፣ የክትባቱንም ወጪ ሸፈነ። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ ቡቺ ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ሰንሰለት ታስራ ውሃ የሌለበት ሳህን አጠገብ አገኘኋት። ሰውየው ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ቀን ቤት የምትውለው ሠራተኛቸው ደግሞ በልጅነቷ ተነክሳ ስለነበር ውሻ ትፈራለች። ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም። መልሼ ወሰድኳት። ከዚያ ወዲህ ከሚፈርመው ሰው ይልቅ የሚያበላውን ሰው ነው የማነጋግረው።

ስለዚህ ቤታቸው ሂዱ። ሰበብ ካበዙና ግቢውን ማሳየት ካልፈለጉ እዚያ ላይ አቁሙ። ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፦

*ቀን ማን ነው የሚያበላው?* ያንን ሰው በአካል አግኙት። የቤት ሠራተኛዋን ለብቻዋ "አንቺስ ውሻ ትወጃለሽ? ሥራ አይበዛብሽም?" በሏት። ዘበኛ ካለ "ጋሼ፣ በሩ ለመኪና ሲከፈት ውሻውን የት ያደርጉታል?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ውሻ የሚጠፋውና መኪና የሚገጨው በር ሲከፈት ነው።

*የቀድሞው ውሻችሁ የት ሄደ?* ከሁሉም ጥያቄ ይህን እወደዋለሁ። "አርጅቶ ሞተ" ጥሩ መልስ ነው። "ጠፋ" ከሆነ አጥሩን እዩ። "ቡችላ እያለ ታሞ ሞተ" ከሆነ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። በዓመት ውስጥ ከሆነ ፓርቮ አፈሩ ላይ ሊኖር ስለሚችል ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ አይግባ። "ሦስት ነበሩን፣ ሁሉም ጠፉ" ካሉ ምንም ቢለምኗችሁ አትስጡ።

*ለምን ፈለጋችሁት?* "ለግቢ ጥበቃ" መጥፎ መልስ አይደለም። ግን ቀን ቀን የት እንደሚሆን ይንገሯችሁ። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ በእንግዳውም በቤተሰቡም ላይ ነካሽ ይሆናል። ግቢው አጥር ካለውና ከዝናብ የሚጠለልበት ደረቅ ቦታ ካለ መታሰር የለበትም።

*ቤቱ የማን ነው?* ኪራይ ከሆነ ከአከራዩ ጋር እናንተው ተነጋገሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጎረቤት ጩኸቱን እንዲቀበል ማወቅ አለበት። በእምነቱ ምክንያት ውሻ እንዲነካው የማይፈልግ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት ካለ ቀድሞ ይታወቅና ይከበር። ኋላ ጸብ ሲነሳ የሚወጣው ውሻው ነው።

*ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ አላችሁ?* ከዲያስፖራ የመጡ፣ ለሥራ የመጡ የውጭ ዜጎች፣ ቪዛ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ብዙ ውሻ ይወስዳሉ። ይዘውት የሚሄዱ ከሆነ ማይክሮቺፑ (ከቆዳው ሥር የሚገባው መለያ ቁጥር የያዘ ቅንጣት) መጀመሪያ፣ የእብድ ውሻ ክትባቱ ቀጥሎ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ለአውሮፓ ኅብረት ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ከኢትዮጵያ ወደዚያ ለመግባት ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ይመረመራል፣ ከዚያ 3 ወር ይጠበቃል። አሜሪካ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ6 ወር በታች የሆነና ማይክሮቺፕ የሌለው ውሻ አታስገባም፤ እንደ ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ለሚመጣ ደግሞ ተጨማሪ ሰነድ ትጠይቃለች። በረራው ሳምንት ሲቀረው የሚጀመር ነገር አይደለም።

ደረጃ 8፦ ርክክብ

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የሁለታችሁ ስም፣ የውሻው መግለጫ፣ የቀረው ክትባት ቀን፣ የማምከኛው ጊዜ፣ "ማቆየት ካልቻልኩ ለሌላ ሰው አልሰጥም፣ ለሰጠኝ ሰው እመልሳለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር። የመጨረሻው ዋናው ነው። ውሻው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዱካው ይጠፋል።

ለመውሰጃ የበዓል ሰሞንን አትምረጡ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ላይ ርችት፣ እንግዳና እርድ አለ። ተራ ቀን ጠዋት ይሻላል። ከመንገዱ በፊት 3 እና 4 ሰዓት ምግብ አትስጡት፣ መኪና ውስጥ እንዳያስመልሰው። የተኛበትን ብርድ ልብስ ሳይታጠብ አብራችሁ ስጡ። የለመደው ሽታ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያቀልለታል።

ለተቀባዩ እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን አይበላ ይሆናል፣ ይደበቅ ይሆናል። ሦስት ሳምንት ገደማ የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል። ቤቴ ነው ለማለት ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ዘመድ ጎረቤት ተጠርቶ አይታይ። ከግቢ ሲወጣም ያለ ገመድ አይውጣ።

ደረጃ 9፦ ደውሉ

በ3ኛው ቀን፣ በ3ኛው ሳምንት፣ በ3ኛው ወር። "ደህና ነው?" ካላችሁ "ደህና ነው" ትባላላችሁ። "ዛሬ ምን በላ? ማታ የት ነው የተኛው?" በሉ። ፎቶም ጠይቁ። ጀርባው ላይ አጥንቱ ከወጣ ወይም አንገቱ ላይ የሰንሰለት ቁስል ካለ ይታያችኋል።

ደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

- ለልጅ የልደት ስጦታ አድርጎ መስጠት። የአሥር ዓመት ልጅ ውሻ አይቀልብም፤ የወላጆቹን ፈቃደኝነት ለብቻ ጠይቁ።
- ሁለት ቡችላ አንድ ላይ ለአንድ ቤት መስጠት። ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ተጣብቀው ሰውን አይለምዱም።
- የታመመን ውሻ "እዚያ ይድናል" ብሎ ማስረከብ። ሕክምናውን ጨርሱ።
- ሲመለስላችሁ ተቀባዩን መስደብ። አንዴ ከተሰደበ ሁለተኛ አይደውልም፤ ውሻውን ጨለማ ሲሆን በር ከፍቶ ይለቀዋል። "ስለደወሉ አመሰግናለሁ፣ ዛሬውኑ እመጣለሁ" በሉና ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ።